ጅብ፣ ቀበሮና የጎርፉ ገጽ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ አርባ ሦስት እንስሳት ሰፍረው ነበር። በበጋ ሣር የሚለመልመው እዚያ ብቻ ስለሆነ አህያውም ጎሹም ከርከሮውም ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል። ችግሩ ዝናቡ ሲመጣ ነው። ተራራው ላይ ዘነበ ማለት፣ ደሴቱ ላይ ጠብ ሳይል ደራሽ ጎርፍ ይመጣል።

ከደሴቱ የሚያወጡት መሻገሪያዎች ሦስት ናቸው፤ የላይ፣ የመካከልና የታች። ጎርፉ የትኛውን ቀድሞ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም። ባለፈው ዓመት የጫካው ንጉሥ አያ አንበሶ «በታች ውጡ» ብሎ ለሁሉም በስልክ መልእክት ላከ። መልእክቱ ሲላክ የታቹ ክፍት ነበር። እነሱ ሲደርሱ ግን ተዘግቷል። ጎሽ ሁለት ልጆቿን ያጣችው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ በስልክ የሚከፈት ገጽ ይሠራ ተባለ። አያ ዝሆኔ ተራራው ላይ ቆሞ ውሃውን እየለካ፣ መሻገሪያዎቹን እያየ ለንጉሡ ይደውላል፣ ገጹ ላይ ያለው ቀስት ደግሞ ወደ ክፍቱ መሻገሪያ ይዞራል። መሻገሪያው ሲዘጋ ቀስቱም ወዲያው ይቀየራል። ማንበብ የማይችል እንስሳ እንኳ ያየዋል። ለደሴቱ ሁሉ ተነገረ፦ «ቀስቱን ሳታዩ አንድ እርምጃ እንዳትንቀሳቀሱ!»

ገጹን የጻፈችው ሚዳቋ ናት። የሚዳቋ እናት ደሴቱ ላይ ነበረች። አንድ እግሯ ስለሚያነክስ፣ አንዱ መሻገሪያ ተዘግቶ ብታገኘው ተመልሳ ሌላውን የምትሞክርበት አቅም የላትም። አንዴ ከተሳሳተች አለቀ። ሚዳቋ ይሄን ባሰበች ቁጥር ሥራዋን እንደገና ትፈትሻለች። ድሮ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ጆሮዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘንድሮ ግን እጇን ማውጣት ጀምራለች፣ ኮድ መጻፍ ላይ ደግሞ አንደኛ ወጥታለች። ግን ክፍል ሌላ፣ የአንበሳ ዋሻ ሌላ።

«ጨርሻለሁ ጌታዬ» አለች ዋሻው ውስጥ በተሰበሰቡት ፊት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «ግን መቶ ሃያ ቁርጥራጭ ፋይል ነው። የደሴቱ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ስልኩ መቶ ሃያ ጊዜ እየተመላለሰ ስጡኝ፣ ስጡኝ ማለት አይችልም። አንድ ላይ ተጠቅልሎ ነው መላክ ያለበት።»

«መጠቅለል?» አለ አያ ጅቦ፣ ከጥግ ብድግ ብሎ። «እሱን ለእኔ ተዉት! ዌብፓክ የሚባል መጠቅለያ አለኝ። የቆየ ነው፣ የተፈተነ ነው። የማይጠቀልለው ነገር የለም።»

እመት ቀበሮ ሳቅ አለች። «እሱስ እውነት ነው አያ ጅቦ። ጠቅልሎ እስኪጨርስ ግን አንተ በረሃብ ታልቃለህ። የእኔ ቪት ይባላል። አዲስ ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ገጹ ተከፍቷል።»

«አዲስ ነገር ምኑ ይታመናል?»

«አሮጌ ነገርስ ምኑ ይጠበቃል?»

«ዝም!» አለ አያ አንበሶ። «ሁለታችሁም ሥሩና እናወዳድራለን። ያሸነፈው ይላካል።»

አያ ጅቦ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። የሚዳቋን መቶ ሃያ ፋይል አስገባ። ከዚያ ዙሪያውን አየ። ንጉሡ ዘውድ ሲጭን የተነሳቸው አሥራ ሁለት ፎቶዎች አሉ። «ይግባ» አለ። የዓለም ካርታ አለ። «ይግባ፣ ማን ያውቃል።» የስድሳ አገር የቀን መቁጠሪያ አለ። «ይሄም ይግባ።» ኳስ የሚያስለጋ ጌምም አገኘ። «ይሄማ የግድ ነው! መሻገሪያው ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ይጫወቱበታል።» ጥቅሉ ሲያድግ ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ዌብፓክ ምስኪኑ የተሰጠውን ሁሉ ይጠቀልላል። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ታዳሚው ማዛጋት ጀመረ።

እመት ቀበሮ ተነሳች። የራሷን ኮምፒውተር ከፍታ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ገጹ ብልጭ ብሎ ተከፈተ፤ ቀስቱ ጥርት ብሎ ታየ።

«ኧረ ጉድ!» ዋሻው በጭብጨባ ተናጋ።

ሚዳቋ ብቻ አላጨበጨበችም። ቪት ሁለት አሠራር እንዳለው ክፍል ተምራለች። አንደኛው ቤት ውስጥ ሲሠሩ ነው፤ ያኔ ምንም አይጠቀልልም፣ ቁርጥራጩን እንዳለ አንድ በአንድ ያቀብላል፣ ለዚያ ነው የሚፈጥነው። ሁለተኛው ለመንገድ ነው፤ ያኔ ይጠቀልላል። እመት ቀበሮ የቱን ነው የከፈተችው? ሚዳቋ እጇን አወጣች። ከዚያ አወረደች። ከዚያ እንደገና አወጣች።

«እመት ቀበሮ... ይሄ ለመንገድ የተጠቀለለው ነው? ወይስ የቤቱ?»

እመት ቀበሮ ዞር ብላ ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ አየቻት። «ተከፈተ አልተከፈተም?»

«ተከፍቷል፣ ግን...»

«ግን!» አለች ቀበሮ ወደ ታዳሚው። «አንደኛ የወጣች ተማሪ እኮ ናት። ግን፣ ወይስ፣ ምናልባት... ፈተና መሰላት!»

ሁሉም ሳቀ። አያ አንበሶም ሳቀ። ሚዳቋ ተቀመጠች። ጥያቄዋን አልደገመችም። ቀበሮ የከፈተችው ገጽ አድራሻ በዚያው ሰዓት «ተራራው ሲጠቁር ክፈቱት» ተብሎ ለአርባ ሦስቱ ስልክ ተላከ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ።

አያ ዝሆኔ ደወለ። ከጀርባው የውሃ ጩኸት ይሰማል። «ጌታዬ! ጎርፉ ጥቁሩን ቋጥኝ አልፏል! ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደሴቱ ጋ ነው! አሁን የላዩ መሻገሪያ ክፍት ነው፣ ቀስቱን ወደ ላይ አዙሩት!»

ሚዳቋ ቀስቱን አዞረች። በገጹ ጥግ ላይ ስንት ስልክ እንደከፈተው የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ እሱን ያያል።

ዜሮ።

ጠበቁ።

ዜሮ።

«ምን እየሆኑ ነው?» አለ አንበሶ። «ተኝተዋል?»

ስልክ ጮኸ። ከደሴቱ እመት አህይት ናት። ድምጿ ይቆራረጣል። «ጌታዬ፣ ውሃው እየደፈረሰ ነው! ቀስቱ የታለ? ሁላችንም ከፍተናል፣ ምንም የለም! እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ተቋረጠ።

«የእነሱ ስልክ ነው ችግሩ» አለች እመት ቀበሮ ቶሎ ብላ። «ያው የድሮ ቆርቆሮ ነው የያዙት። እኔ ጋ ይሠራል፤ እዩት!» ከፈተችው። እውነትም ብልጭ አለ።

ሚዳቋ የተላከውን አድራሻ አየችው።  መናገር አለባት። ባለፈው የሳቁባት ሁሉ አሁንም እዚያው ቆመዋል።  ቢሆንም ወደ መሃል ገባች።

«ጌታዬ፣ አድራሻው ሎካልሆስት ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«'እዚሁ ቤቴ' ማለት ነው። እመት ቀበሮ ስትከፍተው ኮምፒውተሯ የራሷን ቤት ያያል፣ ገጹም ራሷ ቤት ስላለ ያገኘዋል። እመት አህይት ስትከፍተው ግን ስልኳ የራሱን ቤት ነው የሚያየው። እዚያ ምንም የለም። የተላከ ነገርም የለም ጌታዬ። አርባ ሦስቱም ባዶ ቤት ነው የሚያንኳኩት።»

 እመት ቀበሮ አድራሻውን ትክ ብላ አየችው። ሎካልሆስት የሚለውን ስታየው የመጀመሪያዋ ይመስላል፤ በየቀኑ ስለምታየው ማየት ትታው ነበር።

አያ አንበሶ አገሳ፤ አቧራው ከጣራው ረገፈ። «መልእክት ላኩ! እንደ አምናው በጽሑፍ!»

«የቱን ብዬ ልንገርዎት ጌታዬ?» አለ አያ ዝሆኔ በስልኩ። «የላዩ አሁን ተዘጋ! የመካከሉ ገና ክፍት ነው፤ ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም!»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። «የእኔ አለ አይደል! እኔ ሁሉም የሚደርስበት ሰርቨር ላይ አስቀምጬዋለሁ። እንደ አንዳንዶቹ ቤቴ አልደበቅኩትም።» አድራሻው ተላከ። ደሴቱ ላይ ስልኮቹ ገጹን መጫን ጀመሩ። አንድ በመቶ... አንድ በመቶ... ሁለት በመቶ...

«ስንት ሜጋ ነው አያ ጅቦ?» አለች ሚዳቋ።

«አሥራ አራት!» አለ በኩራት።

ሚዳቋ በልቧ አሰላች። «በዚያ ኔትወርክ ተጭኖ የሚያልቀው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ውሃው የቀረው አንድ ሰዓት ነው።»

ማንም አልሳቀም። አያ አንበሶ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ፊቷ ላይ ይሞቃል። «ከሁለቱ መጠቅለያ የቱ ነው የሚሻለው?»

«ጌታዬ፣ መጠቅለያዎቹ ምንም አላጠፉም። ዌብፓክም ትርፉን ጣል ቢሉት ይጥላል፣ ቪትም ጠቅልል ቢሉት ይጠቀልላል። እኔ እጄ የለመደው ቪትን ስለሆነ በእሱ እሠራለሁ። ግን... ፎቶዎቹ መውጣት አለባቸው።»

አያ አንበሶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ፎቶ አየ። «አንዱም አይቀር?»

«አንዱም።»

«ይውጡ» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ሁሉም» አለ።

«ካርታውስ?» አለ ጅብ። «ቢፈልጉትስ? ኳሱን ብቻ ተዪልኝ! አንዷን ኳስ!»

ሚዳቋ አልመለሰችለትም። ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ እየሮጡ ነው። ለመንገድ የሚጠቀልለውን ትእዛዝ ሰጠች። የማያስፈልገው ሁሉ ረገፈ። አሥራ አራት ሜጋ የነበረው የአንድ ሜጋ ሩብ እንኳ አልሞላም። ሰርቨሩ ላይ ጫነችው።

«ላኪው!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

ሚዳቋ ጣቷን አንስታ ቆመች። «አይሆንም። መጀመሪያ ልየው።»

«ጊዜ የለም እኮ!»

«ሦስተኛ ጊዜ ከተሳሳትን አድራሻችንን ደግሞ አይከፍቱትም። አያ ኤሊ፣ ያንን አሮጌ ስልክህን ስጠኝ።»

አያ ኤሊ ከቅርፊቱ ስር ስልኩን ጎትቶ አወጣ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። «አሥራ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። እንዳትጥዪብኝ ታዲያ።»

ሚዳቋ ወደ ገደሉ ሥር ሮጠች። እዚያ ኔትወርኩ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ደሴቱ። ከፈተችው።

ነጭ። ስልኩ ላይ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። ቀስት የለም፣ ቀለም የለም።

እናቷ የያዘችው ስልክ የዚህ መንትያ ነው።  እዚያው ቁጭ ብላ ማልቀስ አማራት። ግን ጥቅሉ ደርሷል፤ ያልገባው ስልኩ ነው። አዲሱን የኮድ አጻጻፍ አሮጌው ስልክ አያውቀውም። መተርጎም አለበት። ተስፈንጥራ ተመለሰች።

«እመት ቀበሮ! ቪትን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለአሮጌ ስልክ የሚተረጉመው ተጨማሪ መሣሪያ የት ጋ ነው የሚገባው?»

እመት ቀበሮ በሩ ጋ ቆማለች። ልትወጣ አንድ እግሯን አሳልፋለች። ዞረች። «አሁን እኔ አስፈለግኩ? ይነገርሻል። በቅድሚያ ግን በሁሉም ፊት ቪት ከዌብፓክ ይበልጣል በይ።»

«ምን?!» አለ አያ ጅቦ። «አትይም! እንዳትይ!»

አያ አንበሶ ጥርሱን ገለጠ። ሚዳቋ ግን ቀደመችው። «ይበልጣል! ይበልጣል፣ በቃ ይበልጣል! የት ጋ ነው የሚጻፈው?»

እመት ቀበሮ እንደዚህ በቀላሉ አገኘዋለሁ ብላ አላሰበችም። ሚዳቋን አየቻት። እንባዋ ይወርዳል፣ ጣቶቿ ግን ቁልፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቀበሮ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እዚህ ጋ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ መስመር ነው። አይ፣ ከዚያ በላይ። አዎ። አሁን እንደገና ጠቅልዪው።»

«ሠላሳ ደቂቃ!» ጮኸ አያ ዝሆኔ። «ቀስቱ የመካከሉ ላይ ይሁን!»

ሚዳቋ ጠቀለለች፣ ጫነች፣ የኤሊን ስልክ ነጥቃ ወደ ገደሉ ሥር ሮጠች። ከፈተችው። ነጭ። ትንሽ ቆየ። አሁንም ነጭ። ከዚያ ቀስቱ ብቅ አለ፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ወደ መካከል የሚያመለክት።

«ላኩት!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ገደሉን መታው። እንደዚያ ጮኻ አታውቅም።

ቁጥሩ ተነሳ። አንድ። አራት። ዘጠኝ። አያ ጅቦ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፣ አሥር ላይ ይጠፋበታል፣ እንደገና ይጀምራል። ሃያ ስድስት። ሠላሳ ሰባት። አርባ።

አርባ ሁለት።

እዚያ ላይ ቆመ።

«አንድ ቀረ» አለች እመት ቀበሮ።

ሚዳቋ ያልከፈተው የማን ስልክ እንደሆነ አየች። የእናቷ ነው። ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ዘጋችው።

ጎርፉ ደሴቱ ጋ ደረሰ። የላዩ ተዘግቷል፣ የታቹ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የመካከሉም ተዘጋ። ቀስቱ ጠፋ። አያ ዝሆኔ ከተራራው ሆኖ ማን እንደወጣ መለየት አልቻለም፤ የደሴቱም ኔትወርክ ጠፋ። ከደሴቱ እስከ ዋሻው ለሯጭ እንኳ ግማሽ ቀን ነው። ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ቁጥሩ ፊት ቁጭ አለች። አርባ ሁለት። 

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከቁልቁለቱ እንስሳት ብቅ ብቅ አሉ። ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ጎሽ መጣች፤ ከርከሮ ከነልጆቹ መጣ። ሚዳቋ እየቆጠረች ነው። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ... መጨረሻ ላይ እመት አህይት፣ ቀስ እያለች፣ አንድ የሚያነክስ ነገር ጎኗ ላይ አስደግፋ።

ሚዳቋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ እናቷ አንገት ላይ ነበረች።

«ስልክሽን ምነው? ምነው አልከፈትሽም?»

«ባትሪው አለቀ ልጄ» አለች እናቷ። «ተራራው ከጠቆረ ጀምሮ ያንን ባዶ አድራሻ ስከፍት ስዘጋ ጨረስኩት። እመት አህይት የራሷን አሳየችኝ። ቀስቱ ወደ መካከል ነበር፤ ጭራዋን ይዤ ወጣሁ። እግሬን ከውሃው ሳወጣ መሻገሪያው ከኋላዬ ተዘጋ።»

በዚህ መሃል አያ ጅቦና እመት ቀበሮ እመት አህይትን ከግራና ከቀኝ ይዘዋታል።

«ንገሪው እስቲ!» አለች ቀበሮ። «ያዳናችሁ ቪት ነው አይደል?»

«መጠቅለልን ያመጣው ማን ሆነና!» አለ ጅብ። «ዌብፓክ ቢሆን ኖሮ ኳስም ነበረው!»

እመት አህይት ጆሮዋ ውስጥ የገባውን ውሃ አራግፋ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያቺን አየች።

«እኔ በምን እንደተጠቀለለ አላውቅም» አለች። «ከፈትኩት፣ ተከፈተ፣ ሮጥን።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው የምንልከው ነገር ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በእኛ እጅ ሲያብረቀርቅ ወይም መሣሪያችን ከጓደኛችን መሣሪያ ሲበልጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ደቂቃ በሚያስፈራበት ቦታ፣ በደካማው ተቀባይ እጅ ላይ ሲሠራ መሆኑን፣ ይህንንም ሳያዩ አለመላክን ነው።